ጦምና ጠፍ ለየቅል ናቸው

ሰሞኑን በምሥራቅ ጎጃም አንድ የወረዳ ኃላፊ፣ በክረምት ጦም አድረው የተገኙ ማሳዎች እየተመዘገቡ ለሌላ አልሚ እንዲተላለፉ መወሰኑን በስብሰባ ላይ ተናገሩ። አልበቃቸው ብሎ ውሳኔውን በቋንቋ ሊደግፉ ሞከሩ፤ «ቃሉ ራሱ ከረሃብ የመጣ ነው፤ ጦም ያደረ መሬት ማለት የተተወ መሬት ማለት ነው» አሉ። የቅኔ ትምህርት ቤቶቹ ዋሸራና ዲማ ባሉበት በጎጃም የቃል ፍቺ እንዲህ በዘፈቀደ ሲነገር ዝም ማለት ነውር ነው።

ጦም ረሃብ አይደለም። አማርኛ «ጸሎት»ን «ጠሎት» እንዳለው ሁሉ የግእዙን «ጾመ»ም «ጦመ» ብሎታል፤ ትርጉሙ ግን እያለ መከልከል፣ ወድዶ መተው ነው፤ ዕብራይስጡም ዐረብኛውም በዚሁ ሥር ያንኑ ይላሉ። የተራበ ሰው ቀጣዩን ጉርሻ ከየት እንደሚያገኝ አያውቅም፤ የጦመ ሰው ግን የሚፈታበትን ቀን አውቆ ነው የሚገባበት። ነነዌ 3 ቀን ነው፣ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ፍስክ የሌለው ጦም ማን ሰምቶ ያውቃል? «አደረ»ም ከግእዙ «ኀደረ» የመጣ ሲሆን፣ በግእዝ መኖርና መስፈር የነበረው ቃል በአማርኛ ሌሊቱን ማሳለፍ ሆኗል፤ ያደረ ደግሞ ይነጋለታል። «ልጆቹ ጦማቸውን አደሩ» ሲባል ረሃብን ማመልከቱ እውነት ነው፤ እዚያም ቢሆን የአንድ ሌሊት ነገር ተነገረ እንጂ ልጆቹ ተጣሉ አልተባለም። ገበሬው ለተተወ መሬት የራሱ ቃል አለው፤ «ጠፍ ሆነ» ይላል። ኃላፊው ጦምንና ጠፍን ሳይለዩ ነው እንግዲህ ማሳ ሊለዩ የተነሡት!

ለመሆኑ በነሐሴ ከመኪና መስኮት ባዶ ሆኖ የታያቸው ጥቁር ማሳ ምን እየጠበቀ እንደሆነ ማንን ጠየቁ? ዋልካ አፈር በክረምት ውኃ ቋጥሮ እግር ስለሚውጥ ዘር ቢበተንበት ይበሰብሳል፤ ገበሬው አርሶ ያቆየውና ዝናቡ ሲለግም ጓያ ወይም ሽምብራ ይዘራበታል፤ ሰብሉም አፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ያድጋል። ጮቄ ተራራ ላይ ገብስ ያደከመው ቁልቁለት ለሣር ይተዋል፤ ከብቱ ሲግጥበት በእበቱ ይጠግነዋል። በአዊ ፋግታ ለኮማ ደግሞ ገበሬው አሲድ ያጠቃውን መሬት ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዘመድ ዛፍ ይተክልበትና ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስላል፤ በዚያው ቦታ ተመልሶ ጤፍ ይዘራል። መሬት ማሳረፍ ስንፍና ነው የሚል ሰው ክርክሩ ከገበሬው ጋር ብቻ አይደለም፤ በሰባተኛው ዓመት ምድር ትረፍ ከሚለው ከኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ጋርም ነው።

የመሬት ጥበት መኖሩን የሚክድ የለም። ነገር ግን መሬቱ የጠበበበት ገበሬ ያለ ምክንያት ማሳውን ጦም ያሳድራል ብሎ ማሰብ፣ ገበሬውን እንደ ሕፃን መቁጠር ነው።

መዝገቡ የግድ ይሞላ ከተባለ በነሐሴ ሳይሆን በኅዳር፣ ጓያውና ሽምብራው ማሳውን ከሸፈኑት በኋላ ይሞላ፤ «ጦም ያደረ» የሚለውም ተሰርዞ «ጠፍ» ተብሎ ይጻፍ። ያን ጊዜ ስንት ማሳ እንደሚመዘገብ አብረን እናያለን።