ልጅ ለመቅበር መኪና ማጠብ

በደቡብ ሎስ አንጀለስ ቅዳሜ ጠዋት ባልዲና ስፖንጅ ይዘው መንገድ ዳር መኪና የሚያጥቡ ወጣቶች ሲታዩ፣ ካርቶን ላይ የተለጠፈውን ፎቶ ልብ ማለት ያስፈልጋል። በጥይት የተገደለ ልጅ ነው። የሚሰበሰበው ገንዘብ ለቀብሩ ነው። እኛ ባሕር ተሻግረን እንኳ እድራችንን ይዘን መጥተናል፤ እነዚህ እናቶች ግን ሐዘን መቀመጫ ጊዜ የላቸውም። ካሊፎርኒያ የወንጀል ተጎጂዎችን የምትክስበት መሥሪያ ቤት አላት፣ የቀብር ወጪም ይሸፍናል። ሟቹ በድርጊቱ እጁ አለበት ከተባለ ግን ማመልከቻው ውድቅ ሊሆን ይችላል። እድር ድንኳን ሲተክል ልጅሽ ከማን ጋር ይውል ነበር ብሎ እናት ይጠይቃል?

ይበልጥ የሚያንገበግበው ወገኖቻችን ስለ እነዚህ ጥቁሮች የሚናገሩት ነው፦ «እርስ በርሳቸው ነው የሚገዳደሉት፤ ሥራ ስለማይወዱ ነው።»

ሥራው የት ሄደና? ጥቁሮች ከደቡብ ግዛቶች ወደ ሎስ አንጀለስ ሲጎርፉ ብዙው የቤት ውል ለጥቁር መሸጥን ይከለክል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለ ውል በፍርድ ቤት አይፈጸምም ቢልም፣ ሕዝቡ በጥቂት ሰፈሮች እንደታጨቀ ቀረ። በ1965 ዋትስ የተባለው የጥቁሮች ሰፈር በአመፅ ፈነዳ፣ 34 ሰው ሞተ። ሬይመንድ ዋሽንግተን የተባለ ጎረምሳ ክሪፕስ የተባለውን ጋንግ (የጎዳና ወሮበላ ቡድን) የጀመረው ከዚያ በኋላ፣ በ1969 አካባቢ ነው። ክሪፕስ ያጠቃቸው ልጆች ደግሞ ተሰባስበው ብለድስ የተባለውን ተቀናቃኝ ጋንግ ፈጠሩ። ዋሽንግተን ራሱ በ1979 በጥይት ሲገደል ገና 25 ዓመቱ ነበር።

ከዚያ የፋየርስቶን ጎማ ፋብሪካና የጀነራል ሞተርስ መገጣጠሚያ ተከታትለው ተዘጉ። ትምህርት ያልገፋ ሰው ቤት ገዝቶ ልጅ ያሳድግበት የነበረው ደመወዝ ጠፋ፣ በቦታው ክራክ የሚባለው የሚጨስ ኮኬይን ገባ። በ1986 የወጣው የፌዴራል ሕግ 5 ግራም ክራክ ለያዘ ሻጭና 500 ግራም የዱቄት ኮኬይን ለያዘ ሻጭ እኩል ቢያንስ 5 ዓመት ፈረደ። አባቶች እስር ቤት ገቡ፣ ልጆቻቸውን ጎዳናው አሳደጋቸው። በ1992 በከተማዋ ከ1,000 በላይ ሰው ተገደለ። አከርካሪውን ተመትቶ በ17 ዓመቱ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ የቀረው ልጅ እዚህ ቁጥር ውስጥ የለም፤ አጥባ የምታለብሰው፣ ቁስል እንዳያወጣ ሌሊት የምታገላብጠው እናቱ ናት።

አገር ቤት ደም ሲፈስ ሽማግሌ ገብቶ ደም ያደርቃል። እዚያም ይህን የሚሠሩ አሉ፣ ብዙዎቹ የቀድሞ የጋንግ አባላት ናቸው። ከ2007 ጀምሮ ከተማዋ ራሷ በጀት መድባላቸዋለች። ተኩስ እንደተሰማ ፖሊስ ይነግራቸዋል። አንዱ ሆስፒታል ሄዶ የቁስለኛውን ጓደኞች ለበቀል እንዳይወጡ ይይዛል፣ ሌላው ሰፈር ገብቶ «እነ እገሌ ናቸው» የሚለውን ወሬ ያጣራል፤ የበቀል ጥይት ብዙ ጊዜ የሚተኮሰው ባልተጣራ ወሬ፣ ምንም በማያውቅ ልጅ ላይ ነውና። ስለ ገዳዩ የሰሙትን ግን ለፖሊስ አያቀብሉም። አንድ ጊዜ ጠቋሚ ተብሎ የተጠረጠረ ሰው ያን ሰፈር ዳግመኛ ሊረግጥ አይችልም፣ ለሕይወቱም ያሰጋዋል።