እስከ ሰኔ ተፈርሟል

ምስጋና ለሚገባው ምስጋና መስጠት ደግ ነው። እዚህ ባሕር ዳር፣ ስሙን ባልጠራው አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ የቤተ ሙከራው ኮሪደር ላይ የእሳት ማጥፊያ ተሰቅሏል። አንገቱ ላይ የቁጥጥር ካርድ ታስሮለታል። ወሩ ገና ጥቅምት ነው። ካርዱ ግን እስከ ሰኔ ተፈርሟል።

ሌላው ዓለም በዚህ ነገር ይደክማል። ሰው በየወሩ ይመጣል። የግፊት መለኪያው የጌጁ መርፌ አረንጓዴው ላይ መሆኗን ያያል፣ ፒኑን ይነካል፣ ቱቦውን ይፈትሻል፣ ከዚያ ይፈርማል። በዓመቱ ደግሞ ባለሙያ ይጠራል። የኛ ሰው ግን የግንቦትን ደህንነት በጥቅምት አረጋግጦ ቡናው ሳይቀዘቅዝ ላውንጅ ገባ። አባቶቻችን መጪውን ለማወቅ ሱባኤ ይገቡ ነበር። እሱ እስክሪብቶ እንኳ አልቀየረም።

መርፌዋማ ቀዩ ላይ ነው የተኛችው። ይህን ጉድለት የሚል ሰው ቅኔ አልገባውም። ሰሙ ካርዱ ላይ ተጽፏል። ወርቁን የፈለገ ጎንበስ ብሎ ጌጁን ይይ።

ከማጥፊያው አለፍ ሲሉ የአደጋ ጊዜ መውጫ በር አለ። በላዩ አረንጓዴው ሰውዬ ይሮጣል። በሩ በሰንሰለት ታስሯል። ቁልፉ ጥበቃው ጋ ነው፤ ጥበቃው ምሳ ላይ ነው። ምን ይደረግ? ሌባ አለ። ተማሪ ጭስ ቢበላው ወላጅ ያለቅሳል፤ ፕሮጀክተር ከጠፋ ግን ንብረት ክፍል ይጠይቃል። አስተዳደር ማለት የትኛው እንደሚብስ ማወቅ ነው።

የዓይን ማጠቢያውንም ሳላደንቅ አላልፍም። እስካሁን በፕላስቲኩ እንደተጠቀለለ ነው። መመሪያው የሚለው ቀላል ነው፦ ከአደጋው ቦታ 10 ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ የሚደረስበት፣ ለ15 ደቂቃ ሳያቋርጥ ውሃ የሚሰጥ፣ በየሳምንቱ ተከፍቶ የሚሞከር። ሦስተኛውን ለማድረግ ፕላስቲኩን መቅደድ ሊኖርብን ነው፤ ዕቃ ደግሞ ያሳዝናል። ውሃውም ለጊዜው የለም። ግን መስኮቱ ወደ ጣና ነው። አሲድ የተረጨበት ተማሪ ያን ሁሉ ውሃ በ10 ሰከንድ ውስጥ ያየዋል፣ በቀረችው ዓይኑ።

የኬሚካል መደርደሪያውን ያየ ደግሞ በሥርዓታችን ይቀናል። ሁሉም በኤቢሲዲ ተራ ተሰድሯል። ኤች ላይ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና ሄክሳን ጎን ለጎን ናቸው። አንዱ ማቃጠል ይረዳል፣ ሌላው መቃጠል ይወዳል። ኤስ ላይ ሰልፈሪክ አሲድና ሶዲየም ሃይፖክሎራይት፣ ማለትም በረኪና፣ ተጎራብተዋል። ሁለቱ ከተደባለቁ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው፤ ሳንባ ያቃጥላል። ለዚህ ነው ሌላው ዓለም በባሕርያቸው ለያይቶ የሚያስቀምጣቸው። እኛ ፊደል ቆጥረናል፤ ፊደል የቆጠረ ደግሞ በፊደል ይደረድራል።

ኮሚቴ የለም እንዳይባል ኮሚቴ አለ። የእሳት አደጋ መከላከል ስልጠናውን ጎንደር ነው የወሰደው። የባሕር ዳር እሳት ጎንደር ላይ የሚጠፋው በምን ጥበብ እንደሆነ የሚያውቀው አበል የበላ ብቻ ነው። ባነሩ ግን ያምራል፤ እስካሁን የኮሚቴው ቢሮ መጋረጃ ሆኖ ያገለግላል።

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ለሠራተኛው የመከላከያ ዕቃ ያቅርብ ይላል። ቀርቧል። መጋዘን ውስጥ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ የተሰበረ ብልቃጥ የምትለቅመው እጇን በፌስታል ጠቅልላ ነው። ጓንት ስትጠይቅ «እናትዬ፣ ሞዴል 20 ሙዪ» ተባለች። ሞዴል 20 የተባለው የዕቃ መጠየቂያ ቅጽ ደግሞ አልቋል።

ሱፐርቪዥን ሲመጣ ግን ግቢው ሌላ ነው። ደብዳቤው ቀድሞ ይደርሳል። የመንገድ ዳር ድንጋይ ኖራ ይቀባል። ሰንሰለቱ ይፈታል። ጋዋን ጠዋት ይታደላል፣ ማታ በቁጥር ይመለሳል። እንግዶቹ ካርዱን ያያሉ፤ ፊርማው ሙሉ ነው፤ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከዚያ ሐይቅ ዳር ዓሣ አለ፤ ጊዜ ከተረፈ ደግሞ በጀልባ ዘጌ። ሪፖርቱ «አበረታች» ይላል። ዓሣው በእርግጥም አበረታች ነበር።

የቀረው ፍሳሹ ነው። ስለ አደገኛ ቆሻሻ ራሱን የቻለ አዋጅ አለ፣ ቁጥር 1090/2010። እኛ ደግሞ ራሱን የቻለ ሲንክ አለን። ፎስፌቱም ናይትሬቱም በዚያው ይወርዳል። ከቧንቧው በኋላ ያለው ጉዳይ የኛ የሥራ ዝርዝር ውስጥ የለም። ጣና ከ2007 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ክልል ነው፤ ዓለም አቀፍ ሐይቅ የእኛን ትንሽ ነገር መቻል አያቅተውም።

እምቦጭ የሚባለው አረም ናይትሬትና ፎስፌት ሲያገኝ እንደሚፋፋ በዚያው ቤተ ሙከራ እናስተምራለን። ስለዚህ ከሰኞ እስከ ዓርብ እናበላዋለን፣ ቅዳሜ ደግሞ ቲሸርት ለብሰን እንነቅለዋለን። የዚህ ቅዳሜ ምዝገባ ተጀምሯል። ቲሸርት ስላነሰ ቅድሚያ የሚሰጠው ለኮሚቴው አባላት ነው።