ምርምር በኪሎ

ዩኒቨርሲቲዎች ስለ ምርምራቸው የሚያሳትሙትን የሚያብረቀርቅ መጽሔት ገልጣችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ ብዙ አምልጧችኋል። እኔ ባየሁት ቁጥር ልቤ ይሞላል። ከካንሰር እስከ ጥቁር ጉድጓድ፣ ከጥርስ ሥር እስከ ጋላክሲ ጫፍ፣ ያልተነካ ነገር የለም። ሽፋኑ ላይ ነጭ ጋውን የለበሰች ወጣት ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት ብልቃጥ ወደ ብርሃን አንስታ ታያለች። ፈሳሹ ምን እንደሆነ ማንም አይነግረንም። መንገርም አያስፈልግም። ሰማያዊ ነው፣ ብልቃጥ ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ሳይንስ ነው።

ገለጥ ስታደርጉት ዋናው ጉዳይ ይመጣል፤ ቁጥሩ። ዘንድሮ ይህን ያህል ጥናት አሳተምን። ከአምናው በዚህ ያህል በመቶ አደገ። በዚህ መሃል “እና ምን አገኛችሁ?” ብሎ የሚጠይቅ ነገረኛ አይጠፋም። ምርምር ይቆጠራል እንጂ ይጠየቃል እንዴ?

ዛሬ የተነሳሁት ይህን የቆጠራ ባህል ላመሰግን ነው። የሚያማው ሞልቷል፤ የሚያመሰግነው ግን አጥቷል።

ከሁሉ በፊት ከማንበብ ያድናል። የተመራማሪዎችን የደረጃ ዕድገት የሚወስነው ኮሚቴ አባላት ሥራ የሚበዛባቸው ሰዎች ናቸው። ስለ ኩላሊት የተጻፈን ጥናት አንብቦ፣ ናሙናውን መርምሮ፣ ሰንጠረዡን ከድምዳሜው ጋር አስተያይቶ “ይህ ሰው ጥሩ ተመራማሪ ነው” ለማለት ስለ ኩላሊት ማወቅ ይጠይቃል። “12 ጽሑፍ አለው” ለማለት ግን መቁጠር ብቻ ይበቃል። 12 ከ11 ይበልጣል፣ ከ13 ያንሳል። አለቀ። ስብሰባው ለምሳ ይደርሳል።

ለዚህ የደረስነው በባለውለታዎች ትከሻ ላይ ቆመን ነው። ዩጂን ጋርፊልድ የሚባል ሰው በ1960ዎቹ ኢምፓክት ፋክተር የሚባለውን፣ የአንድ ጆርናል (የምርምር መጽሔት) ጽሑፎች በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ የሚያሳየውን መለኪያ ከባልደረባው ጋር አበጀ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ዓላማው የትኛው ጽሑፍ የትኛውን እንደጠቀሰ ለሚመዘግበው ማውጫው የሚሆኑ ጆርናሎችን መምረጥ ነበር። የሚለካው ጆርናል ነው። በኋላ የመጡ ብልሆች ግን “ጆርናሉን ከለካ ውስጡ የጻፈውንም ይለካል” አሉ። የሰውን ቁመት በተሳፈረበት አውቶብስ ቁመት መለካት ማለት ነው። ይህን ዘዴ ያልወደደ አጭር ሰው አላየሁም።

በ2005 ደግሞ ሆርሄ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ኤች-ኢንዴክስን አመጣልን። ነገሩ ቀላል ነው። እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች ካሏችሁ ቁጥራችሁ 20 ነው። አንድ ጽሑፍ ብቻ ጽፎ ዓለምን የገለበጠ ሰው ቁጥሩ 1 ነው። ሚሊዮን ጊዜ ቢጠቀስም 1 ነው። ተገቢ ቅጣት ነው፤ ማን አንድ ጽፎ ቁጭ በል አለው?

ቁጥር እንደሚፈለግ ከታወቀ ብልሃቱ ይከተላል። እዚህ ላይ ነው የተመራማሪው ችሎታ የሚታየው። ድሮ አንድ ጥናት አንድ ጽሑፍ ይሆን ነበር። ምን ዓይነት ብክነት ነው! ዛሬ አንድ መጠይቅ ይበተንና የስኳር ሕመምና ዕድሜ አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል። የስኳር ሕመምና ጾታ ሌላ። የስኳር ሕመምና የትምህርት ደረጃ ሦስተኛ። ሕመምተኛው ያው ሰው ነው። አንዴ ተወግቶ ደም ሰጥቷል፤ ጆርናል ላይ ግን በየወሩ እየደማ ይኖራል።

ይህን ጥበብ በአደባባይ ያስተማረም ነበር። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ብራያን ዋንሲንክ የሰውን የአመጋገብ ጠባይ ያጠና ነበር። በ2016 በገዛ ብሎጉ ላይ አንዲት ጎበዝ ተመራማሪ አወደሰ። ያሰበውን ውጤት ያልሰጠ የፒዛ ቡፌ ጥናት ነበረው። መረጃውን ለእሷ ሰጣት፤ እሷም እምቢ ሳትል አገላብጣ ቆፈረችው። ከከሸፈው ጥናት አራት ጽሑፎች ወጡ። እንዲህ ያለ መልካም ምሳሌ ሲገኝ ዓለም ማመስገን ሲገባው ሰንጠረዦቹን መመርመር ጀመረ። ቁጥሮቹ አልገጥም አሉ። በ2018 ዩኒቨርሲቲው የምርምር ሥነ ምግባር ጥሷል አለ፣ ስድስት ጽሑፎቹም በአንድ ቀን ተሰረዙ። ሰውየው ጥፋቱ ምን ነበር? ሌላው በር ዘግቶ የሚሠራውን በኩራት መጻፉ ነው።

ለመቆፈሩ ሥራ ደግሞ መሣሪያ አለ። የስታቲስቲክስ ሊቁ ሮናልድ ፊሸር በ1925 ያወጣው መጽሐፍ ከ20 አንድ ጊዜ በአጋጣሚ ብቻ ሊመጣ የሚችል ውጤትን እንደ ድንበር ወሰደ። ፒ ቫልዩ ከ0.05 በታች የሚባለው ነው። እንግዲህ ሒሳቡን ሥሩ። ምንም ግንኙነት የሌላቸውን 20 ነገሮች ብትሞክሩ በአማካይ አንዱ “ትርጉም ያለው” ሆኖ ይወጣል። አስራ ዘጠኙ ወደ መሳቢያ፣ አንዱ ወደ ጆርናል። በ2009 ክሬግ ቤኔትና ባልደረቦቹ ይህን መንገድ እስከ ጫፍ ሄዱበት። የሞተ ሳልሞን ዓሣ የአንጎል ምስል በሚያነሳ ማሽን ውስጥ አስገቡ። የሰዎች ፎቶ አሳዩትና ሰዎቹ ምን እንደሚሰማቸው እንዲገምት ጠየቁት። ዓሣው ሞቷል ብያለሁ። ማሽኑ ግን አንጎሉ ውስጥ እንቅስቃሴ አሳየ። በሺዎች የሚቆጠሩ ነጥቦችን አንድ ላይ ሲፈትሹ ማድረግ የሚገባቸውን እርማት ሲያደርጉ እንቅስቃሴው ጠፋ። እነሱ ይህን ያሳዩት ለማስጠንቀቅ ነበር። እኔ ግን ተስፋ ነው ያየሁበት። ያለ እርማት ከሞተ ዓሣ ውጤት የሚገኝ ከሆነ ከሕያው ታካሚ ምን ያህል ሊገኝ ነው?

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ፤ ወደ ደራሲነት። በ1953 ዋትሰንና ክሪክ የዲኤንኤን ቅርጽ ሲያሳውቁ ጽሑፋቸው ከአንድ ገጽ ብዙም አላለፈም። ሁለት ስም። ምን ያህል ብቸኝነት ቢሆን ነው! በ2015 ግን በፊዚክስ ሂግስ ስለሚባለው መሠረታዊ ቅንጣት ክብደት የወጣው ጽሑፍ 5,154 ደራሲ ነበረው። ከ33 ገጹ ምርምሩ እስከ ማጣቀሻው 9 ገጽ ያዘ። የቀረው 24 ገጽ የሰውና የተቋም ስም ነው። እውነቱን ለመናገር ለዚያ ሥራ ብዙ ሺህ ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ቅንጣቶችን የሚያጋጨው ማሽን ከመሬት በታች 27 ኪሎ ሜትር ይዞራል። እኔን የሚገርመኝ 27 ኪሎ ሜትር ማሽን ሳይኖራቸው ስም የሚያበዙት ናቸው። 80 ሰው ለተጠየቀበት መጠይቅ 11 ደራሲ።

ከነዚህ 11 ውስጥ ሥራውን የሠራው ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ የማስተርስ ተማሪው። መጠይቁን የበተነው እሱ፣ መረጃውን ኮምፒውተር ላይ ያስገባው እሱ፣ ሌሊት ሰንጠረዥ ሲያስተካክል ያደረው እሱ። አማካሪው አሉ፣ ደግ። የአማካሪው ጓደኛ አሉ፤ ባለፈው የእሳቸው ጽሑፍ ላይ አማካሪው ስለነበሩ ውለታ መመለስ ነው። የዲፓርትመንቱ ኃላፊ አሉ፣ ኃላፊ ናቸውና። ማሽኑ በማን ፊርማ ተገዛ? እኚያም ይግቡ። ዓለም አቀፉ የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ኮሚቴ ደራሲ ለመባል አራት ነገር መሟላት አለበት ይላል። በሥራው ላይ ትልቅ ድርሻ መያዝ፣ መጻፍ ወይም በጥልቀት ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለተጻፈውም ኃላፊነት መውሰድ። ደስ ይላል። ሁሉም ያውቀዋል። በመጨረሻው ገጽ ላይ “ሁሉም ደራሲዎች መስፈርቱን አሟልተዋል” ተብሎ ይጻፋል፤ እሱንም የሚጽፈው ተማሪው ነው።

በዚህ ጉዳይ የማደንቀው ድመት አለ። በ1975 ጃክ ሄዘሪንግተን የሚባል የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ሰው ብቻውን ጽሑፍ ጻፈ፤ ግን ጽሑፉን በሙሉ “እኛ” እያለ ነበር የጻፈው። ባልደረባው “ደራሲው አንድ ከሆነ ጆርናሉ ‘እኛ’ን አይቀበልም” አለው። ዘመኑ የታይፕ ነው፤ እንደገና መምታት ሞት ነው። ስለዚህ ድመቱን ቼስተርን ኤፍ ዲ ሲ ዊላርድ በሚል ስም ሁለተኛ ደራሲ አደረገው። ጽሑፉም ታተመ። እስቲ አስቡት። ቼስተር ላብ ገብቶ አያውቅም። ረቂቁን አላነበበም። የፊዚክስ ጥያቄ ቢጠየቅ መልስ የለውም። ይህን ሁሉ የሚያሟሉ ብዙ የተከበሩ ደራሲዎች አሉ፤ ቼስተር የሚለይባቸው “ስሜ መጀመሪያ ላይ ይሁን” ብሎ አለመቆጣቱ ነው። በ2001 ደግሞ የፊዚክስ ሊቁ አንድሬ ጌይም ሃምስተሩን፣ ያችን አይጥ መሰል የቤት እንስሳ፣ ተባባሪ ደራሲ አድርጓታል። ሰውየው በ2010 ኖቤል ወሰደ። የሃምስተሯ ድርሻ ምን ያህል እንደነበር አልተነገረም።

ጽሑፉ ካለ ማተሚያ አይጠፋም። በድሮው ዓለም ጸሐፊ ይከፈለው ነበር። በምርምር ዓለም ግን ብዙ ጊዜ ጸሐፊው ይከፍላል፤ ገምጋሚው በነፃ ይሠራል። በ2013 ጆን ቦሃነን የሚባል ጋዜጠኛ ሆን ብሎ በስህተት የተሞላ የካንሰር መድኃኒት ጥናት ፈጠረ። ደራሲውም ዩኒቨርሲቲውም የሌሉ ናቸው። ለ304 ጆርናሎች ላከው፤ 157ቱ “እንኳን ደስ አለህ” አሉት። ይህን ቅሌት የሚሉ አሉ። እኔ እንግዳ ተቀባይነት እለዋለሁ።

አንዳንዴ እንግዳው ይበዛል። በ2023 በዓለም ዙሪያ ከ10,000 በላይ ጽሑፎች ተሰረዙ፤ ከ8,000 የሚበልጡት ሂንዳዊ ከተባለ አንድ አሳታሚ ነበሩ። መልካም ዜናም አለ፤ ጽሑፍ ሲሰረዝ በእሱ የተገኘው የደረጃ ዕድገት አብሮ የሚሰረዘው ስንቴ ነው? አንድ ሰው አንዴ ፕሮፌሰር ከተባለ ወደ ኋላ መመለስ ነውር ነው።

የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉንም ሳላነሳ አላልፍም። “ተመራማሪዎቻችን የመርሳት በሽታን የሚያስቆም መድኃኒት አገኙ” ይላል ዜናው። አራተኛው አንቀጽ ላይ ጥናቱ የተደረገው በአይጥ መሆኑ ይነገራል። አይጦች ሆይ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። ከካንሰር ድናችኋል፣ ከውፍረት ድናችኋል፣ አሁን ደግሞ ምንም አትረሱም። በሌላ በኩል በ2012 ሁለት ተመራማሪዎች አምጀን የተባለው ድርጅት 53 ዝነኛ የካንሰር መሠረታዊ ጥናቶችን ደግሞ ለመሥራት ያደረገውን ሙከራ ውጤት ጻፉ። የተረጋገጡት 6 ናቸው። ለዚህ ነው ያሳተሙትን ደግሞ መሞከር የማይመከረው። ድጋሚ ሙከራ አዲስ ተብሎ አይቆጠርም፤ በዚያ ላይ ወዳጅ ያጣላል።

እንዲህ ባማረ ሥርዓት ውስጥ አማካዩን የሚያወርዱ ሰዎች አይጠፉም። ፒተር ሂግስ አንዱ ነበር። የዚያ 5,154 ሰው የደከመለት ቅንጣት ባለቤት። ከ1964ቱ ሥራው በኋላ ከ10 ያነሰ ጽሑፍ ብቻ እንዳሳተመ ራሱ ተናግሯል። የኤደንብራ ዩኒቨርሲቲ ዲፓርትመንቱ “በቅርቡ ያሳተማችሁትን ላኩ” ሲል የእሱ መልስ “ምንም” ነበር። በ2013 ኖቤል ሲያገኝ ዛሬ ቢሆን የሚቀጥረኝ ዩኒቨርሲቲ ያለ አይመስለኝም አለ። ትክክል ነው። ዛሬ ሰነፍ አንቀጥርም።

አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻልስ? የጨጓራ ቁስል ከባክቴሪያ ይመጣል ብሎ ተነሳ። በ1983 ለአውስትራሊያ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበር ጉባኤ ያስገባው አጭር ጽሑፍ ውድቅ ሆነ። በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣው፤ ጨጓራውም ነደደ። የናሙና ብዛት 1። ፍትሐዊ ዳኛ ከሆናችሁ ንገሩኝ፣ በዚህ ናሙና ማን ያሳልፈዋል? በ2005 ከባልደረባው ሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል ሰጧቸው።

የባሰችው ግን ካታሊን ካሪኮ ናት። በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ስለ ኤምአርኤንኤ፣ ሴል ፕሮቲን እንዲሠራ መመሪያ ስለሚያደርሰው ሞለኪውል፣ ስትደክም ገንዘብ የሚሰጣት ጠፋ። ግራንት ካላመጣሽ ምን ትቆጥሪያለሽ? በ1995 ከደረጃዋ ዝቅ ተደረገች። እሷ ግን መሥራቷን አላቆመችም። ቆየት ብሎ ድሩ ዋይስማን የተባለውን ተመራማሪ ያገኘችው ፎቶ ኮፒ ማሽን አጠገብ ነው። ሁለቱም የጥናት ጽሑፍ እየገለበጡ ነበር። ለማንበብ! በዚያ ዘመን እንዲህ የሚያደርጉ ሰዎች ነበሩ። በ2005 አብረው ያወጡት ጽሑፍ ሲወጣ ብዙ ሰው ዞር ብሎ አላየውም። በ2013 ወደ ጀርመኑ ኩባንያ ባዮንቴክ ሄደች። ከዚያ ኮቪድ መጣ፤ የኤምአርኤንኤ ክትባቶቹም በዚያ ሥራ ላይ ተመሥርተው ተሠሩ። በ2023 እሷና ዋይስማን ኖቤል ሲያገኙ ዝቅ ያደረጋት ዩኒቨርሲቲ ደስታውን ለመግለጽ አልዘገየም። ሁለቱንም በባለ ኖቤሎቹ ዝርዝር ውስጥ ቆጥሯቸዋል።