የድሮ ኤምጂቢ ወንበር፦ ይታደስ ወይስ ይቀየር?

ኤምጂቢ በእንግሊዝ አገር በአቢንግደን ከ1962 እስከ 1980 (እ.ኤ.አ.) የተሠራ ባለ ሁለት ወንበር ስፖርት መኪና ነው። አብዛኛው የተሸጠው አሜሪካ ስለሆነ ዛሬም እዚያ በየጋራዡ ይገኛል። ለክርክር የቀረበው ጥያቄ፦ ያረጀው ወንበር ሲነቀል ራሱ ታድሶ ይመለስ ወይስ በምትኩ የዘመኑ ወንበር ይግባ? ይታደስ የሚሉት አንጋፋ መካኒክ ናቸው፤ ይቀየር የምትለው መኪናዋን በየዕለቱ የምትነዳ ባለቤት ናት።

መካኒኩ

ወንበሩን ወለሉ ላይ የያዙት አራት ቡሎኖች ናቸው። ወደ ኋላ ሲገፋ የፊቶቹ ሁለቱ ይገለጣሉ፣ ወደ ፊት ሲሳብ የኋለኞቹ። በወሬ ደረጃ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ነገር ግን ቡሎኖቹ የሚገቡባቸው ዳዶዎች ከወለሉ ላሜራ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ዝገት የያዘው ቡሎን በጉልበት ከተጠመዘዘ ዳዶው ከላሜራው ይላቀቅና አብሮ መሽከርከር ይጀምራል። ያኔ መፍቻ ዋጋ የለውም፤ መቁረጥና መበየድ ይከተላል። ስለዚህ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ከዋዜማው ጀምሮ ደጋግሞ ማጠጣት፣ ከዚያም ጥቂት ፈትቶ ጥቂት መልሶ እያጠበቁ ማላመድ ያስፈልጋል።

የዘመኑን ወንበር የምቃወምበት አንዱ ምክንያት እዚሁ ላይ ነው። የኤምጂቢ ቡሎን በኢንች ነው፣ 5/16። ውፍረቱ 7.94 ሚሊሜትር ስለሆነ ባለ 8 ሚሊሜትሩ ቡሎን ልኩ ይመስላል። ጥርሱ ግን አይገናኝም፤ የኤምጂቢው በአንድ ኢንች ውስጥ 24 ጥርስ አለው፣ የተለመደው ባለ 8 ሚሊሜትር ግን 20 ያህል ብቻ። ከሌላ መኪና ወንበር ጋር የመጣውን ቡሎን በግድ የሚያስገባ ሰው መጀመሪያ የያዘለት ይመስለዋል፣ ቀጥሎ የዳዶውን ጥርስ ይፈጨዋል። የወንበሩ ቀዳዳ ከወለሉ ቀዳዳ ጋር አልገጥም ሲል ደግሞ አዲስ ቀዳዳ ይበሳል። ኤምጂቢ ለብቻው ሻሲ የለውም፤ ክብደቱን የሚሸከመው ራሱ አካሉ ነው። ወለሉና ከበሩ ሥር የሚያልፈው የላሜራ ሳጥን የመኪናው አጥንት ናቸው። እዚያ ላይ በግምት መብሳት ያሳዝነኛል።

የድሮው ወንበር አይመችም የሚባለውም ትክክል አይደለም። ከስፖንጁ በታች ፍሬሙ ላይ በመንጠቆ የተወጠረ ላስቲክ አለ። ላስቲኩ በዕድሜ ብዛት ደርቆ ሲቀደድ ነጂው ይሰምጣል፣ ጭኑን የፍሬሙ ብረት ይቆረቁረዋል። ሰዉ ወንበሩን የሚጠላው በዚህ ሁኔታ ላይ እያለ ነው። አዲስ ላስቲክ፣ አዲስ ስፖንጅና በልኩ የተሰፋ ልብስ ይግባለት፤ ከዚያ ረጅም መንገድ ሄዶ ይፍረድ።

ባለቤቷ

ጋሼ፣ ስለ ቡሎኑና ስለ ላስቲኩ ያሉትን ሁሉ ተቀብያለሁ። እርስዎ የተናገሩት ስለ ምቾት ነው፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን አንገት ነው። በአሜሪካ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1969 ጀምሮ የሚሠሩ የቤት መኪኖች የፊት ወንበራቸው የራስ መደገፊያ እንዲኖረው ሕግ አስገድዷል። ከዚያ በፊት የተሠራው ኤምጂቢ ጀርባው ትከሻ አካባቢ ያበቃል። መኪናው ከኋላ ሲገጭ ወንበሩ ደረትን ወደ ፊት ይገፋል፣ ጭንቅላት ግን ባለበት ስለሚቀር የሚጎዳው አንገት ነው። መብራት ላይ ቆሜ በመስታወት ስመለከት ከኋላዬ የሚቆመው በ1965 የነበረው ትንሽ መኪና አይደለም፤ መከላከያው ትከሻዬ ጋ የሚደርስ ፒክአፕ ነው። ይህን እያወቅሁ ወንበሩን በጥንት መልኩ አሳምሬ ብመልሰው፣ ያሳመርኩት አደጋውን ጭምር ነው።

ብዙ የኤምጂቢ ባለቤቶች በ1989 የወጣውን የመጀመሪያውን ማዝዳ ኤምኤክስ 5 ወንበር የሚመርጡት ለዚህ ነው። ጠባብ ነው፣ ጀርባው እስከ ራስ ይደርሳል። ወለል መብሳትም ግድ አይደለም፤ በአራቱ ነባር ቀዳዳዎች የሚታሰር የብረት ማያያዣ ተሠርቶ ወንበሩ በዚያ ላይ ይቀመጣል። የድሮው ወንበር ደግሞ ተጠቅልሎ ይቀመጥ፤ የሚፈልገው ሰው ሲመጣ ይመለሳል።

መካኒኩ

እህቴ፣ የአንገቱን ነገር ላስተባብልብሽ አልችልም፤ እውነት ነው። ማያያዣው ግን ያሳስበኛል። በኤምጂቢ ላይ የደኅንነት ቀበቶው የሚታሰረው በመኪናው አካል ላይ ነው። በብዙ አዳዲስ መኪኖች ላይ የቀበቶው መቆለፊያ ወንበሩ ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ወንበር ከነመቆለፊያው ካስገባሽ፣ በግጭት ጊዜ ሰውነትሽን የሚይዘው ጉልበት በወንበሩ አልፎ አራቱ ትንንሽ ቡሎኖችና ቀጭኑ ወለል ላይ ያርፋል። ወለሉ ለዚያ አልተሠራም። ቀበቶው በነበረበት በአካሉ ላይ መቆየት አለበት። በዚህ ላይ ማያያዣው ውፍረት ስላለው ከፍ ብለሽ ትቀመጫለሽ፤ መሪው ጭንሽን ይነካል፣ የሸራው ጣሪያ ወደ ራስሽ ይቀርባል።

ራስ መደገፊያ ካስፈለገ ከ1970ዎቹ ኤምጂቢ ላይ የወጣ ወንበር ፈልጊ። የዚያው ፋብሪካ ሥራ ነው፣ መደገፊያም አለው። ወንበሩ የሚንሸራተትበትን ሐዲድ ከወለሉ ቀዳዳ ጋር ለክተሽ ግዢ።

ባለቤቷ

ይህ ሐሳብ ጥሩ ነው፤ ለእኔ መኪናም ይሆናል። የቀበቶውንም ነገር እቀበላለሁ፤ መቆለፊያው ወንበሩ ላይ እንዲሆን አልፈቅድም። ነገር ግን ከ1970ዎቹ የመጣ ወንበርም ያረጀ ነው። መደገፊያውን የያዙት ዘንጎች ሊወዛወዙ ይችላሉ፣ ጀርባውን የሚያቆመው መቆለፊያም ሊበላ ይችላል። በግጭት ወደ ኋላ የሚወድቅ ጀርባ መደገፊያ ቢኖረው ምን ይጠቅመኛል? ስለዚህ መጀመሪያ ተፈትቶ ፍሬሙ ይታይ፤ ስንጥቅ ካለው ወይም መቆለፊያው ከላላ፣ እኔ የምመርጠው አሁንም የማዝዳውን ነው።

መካኒኩ

ፍሬሙ ይታይ ባልሽው እስማማለሁ፤ በማዝዳው ግን አልስማማም። የላላ መቆለፊያ ይታደሳል።

የትኛውም ወንበር ቢመረጥ፣ ወንበሩ ወጥቶ ሳለ ምንጣፉ ሙሉ በሙሉ ይነሣ። በሸራው በኩል የሚገባው ውኃ ምንጣፉ ሥር ተኝቶ ወለሉን ይበላል፤ ወንበሩ እያለ ይህን ማየት አይቻልም። በመዶሻ ጫፍ ቀስ ብለሽ ስትመቺው የታፈነ ድምፅ የሚሰጥ ላሜራ ካለ ብየዳው ይቅደም። በሐዲዱና በወለሉ መካከል ያሉት የእንጨት ጣውላዎች ከበሰበሱ ይቀየሩ። አሜሪካ የሚሸጥ የኢንች ቡሎን አናቱ ላይ የጥንካሬ ምልክት የሆነ ሦስት ጭረት ካለው ይሆናል፤ ምልክት የሌለው አይግባ። አራቱንም መጀመሪያ በእጅ አስጀምሪ፣ ከማጥበቅሽ በፊት ወንበሩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ አንሸራቺው። ሐዲዶቹ ትይዩ ካልሆኑ ወንበሩ ተጣብቆ አልንሸራተት ይላል፤ የሐዲዱ መቆለፊያ ሳይገባ የቀረ ወንበር ደግሞ ፍሬን ስትይዢ ይንሸራተታል።