አዮዲን ያለው ጨው አርቴሚያን አይገድልም

«የሱቅ ጨው አዮዲን ስላለበት የአርቴሚያ (ለዓሣ ጫጩት ምግብ የሚሆን ደቃቅ የጨው ውሃ ፍጥረት) እንቁላል አይፈለፈልም» ላልከው ወንድሜ፣ ይሄ የቆየ ወሬ ነው። አዮዲኑ በኪሎ ጨው በሚሊግራም የሚቆጠር ስለሆነ እንቁላሉን ምንም አያደርገውም። እኔም ለዓሣ ጫጩቶቼ የማስፈለፍለው በዚሁ ጨው ነው፤ በአንድ ሊትር ውሃ 25 ግራም ገደማ።

ያንተን ያስቀረው የደሴ ብርድ ይመስለኛል። ከተማችን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አርቴሚያ ደግሞ ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ይፈልጋል። በዚያ ሙቀት በ24 ሰዓት የሚፈለፈለው ውሃው ሲቀዘቅዝ ሁለት ቀንም ሊፈጅ ይችላል፤ አንተ ግን በማግስቱ ደፋኸው! ጠርሙሱን አምፖል አጠገብ አድርገው፣ ብርሃኑም ለመፈልፈሉ ይረዳል። የአየር ፓምፑ እንዳይቋረጥ፤ እንቁላሉ ከሥር ከተኛ ጨው ብትቀይርም ለውጥ የለውም።