ማስተካከያ፦ በታኮማ ፓርክ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ የሚመርጠው ለከተማው ብቻ ነው

ባለፈው ጽሑፌ «ታኮማ ፓርክ የሚኖር ሰው ዜጋ ባይሆንም ለሞንጎመሪ ካውንቲ ካውንስል መምረጥ ይችላል» ብዬ ነበር። ታኮማ ፓርክ በአሜሪካ ሜሪላንድ ስቴት ያለች ከተማ ናት፤ ሞንጎመሪ ካውንቲ ደግሞ ከተማዋ ያለችበት ሰፋ ያለ አስተዳደር ሲሆን ካውንስሉ ምክር ቤቱ ነው። ተሳስቻለሁ። የከተማውን የምዝገባ መመሪያና የሜሪላንድን የመራጮች ቅጽ እንደገና አይቻቸዋለሁ።

እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎች የሚመርጡት የታኮማ ፓርክን ከንቲባና የከተማ ምክር ቤት አባላት ብቻ ነው። የካውንቲው ምርጫ ዜግነት ይጠይቃል።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ዜጋ ያልሆነ ሰው የሚመዘገበው በከተማው ጸሐፊ ቢሮ፣ በከተማው ቅጽ ነው። የስቴቱ ቅጽ ግን «የአሜሪካ ዜጋ ነዎት?» ብሎ ይጠይቃል። እዚያ ላይ «አዎ» ብሎ መፈረም ግሪን ካርድ እስከማሳጣት፣ ከአገር እስከማስወጣት ሊያደርስ ይችላል። የእኔን ጽሑፍ አምናችሁ ያንን ቅጽ የሞላችሁ ካላችሁ ድምፅ አትስጡ፤ ቶሎ ብላችሁ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አነጋግሩ። ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ይህ ማለት ግን በካውንቲው ጉዳይ ድምፃችሁ አይሰማም ማለት አይደለም። ካውንስሉ በካውንቲው ዋና ከተማ ሮክቪል የሕዝብ አስተያየት ሲሰማ ለመናገር ዜግነት አይጠየቅም። አስቀድሞ ለተናጋሪነት ስም ማስመዝገብ ነው፤ ይህ የመራጭነት ምዝገባ አይደለም። ስለ ቤት ኪራይም ሆነ ስለ አውቶቡስ፣ መናገር የከበደው በጽሑፍ መላክ ይችላል።