እርማት፦ አድሚን ፓስዎርዳችሁ አያስፈልገውም

ከላይ ብዙዎቻችሁ ስለ ሲስተም አድሚን (የድርጅቱን ኮምፒውተሮችና አካውንቶች ስለሚያስተዳድረው ባለሙያ) «የሁሉንም ፓስዎርድ ያያል፤ ቢጠይቅ መስጠት ምንም አይደለም» ብላችኋል። ከየት እንደመጣ ይገባኛል። አንዳንድ አድሚኖች ራሳቸው ኦንላይን ላይ «የማላየው ነገር የለም» ማለት ይወዳሉ። በፓስዎርድ ጉዳይ ግን ትክክል አይደለም።

በአግባቡ በተሠራ ሲስተም ፓስዎርዱ እንዳለ አይቀመጥም። የሚቀመጠው «ሃሽ» ነው፤ ከፓስዎርዱ በስሌት የሚወጣ፣ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ተደርጎ የተሠራ የፊደልና የቁጥር ድርድር። አዲስ ነገርም አይደለም። የኮምፒውተር ባለሙያዎቹ ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምፕሰን ዩኒክስ የተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ፓስዎርድን የሚይዝበትን አሠራር በ1979 እ.ኤ.አ. ጽፈውታል። አድሚኑ አካውንት ማገድ፣ ፓስዎርድ በአዲስ መቀየር፣ ብዙ ጊዜም ፋይል ማየት ይችላል። ለዚህ ሁሉ የእናንተን ፓስዎርድ ማወቅ አያስፈልገውም።

ማረጋገጥ ቀላል ነው። «ፓስዎርድ ረሳሁ» የሚለውን ተጫኑ። የሚላክላችሁ መቀየሪያ ሊንክ ወይም ኮድ ነው። የድሮውን ራሱን የሚልክላችሁ ካለ አቀማመጡ ችግር አለበት፤ ያንን ፓስዎርድ በተጠቀማችሁበት ሁሉ ቀይሩት።

የሚያሳስበኝ መዘዙ ነው። ስሙ ጎን «አድሚን» ብሎ መጻፍ ማንም ይችላል። መጠየቅ መብቱ ነው ካልን ለአጭበርባሪ በሩን ከፈትንለት። ከተጠየቃችሁ አትስጡ፤ በምታውቁት ቁጥር የአይቲ ክፍሉ ጋ ደውሉ።